የቤት መኪና፣ ቡቺ እና የጎጃም መንገድ

አዲሱ ገበያ አካባቢ ያደገ ልጅ ሁሉ አንድ ጨዋታ ያውቃል፤ ከሱሉልታ በኩል የሚወርደውን መኪና መቁጠር። አንዱ ሲኖትራክ ይይዛል፣ ሌላው አይሱዙ፣ ሦስተኛው ደግሞ የጎጃም አውቶቡስ። ቀድሞ አሥር የሞላለት ያሸንፋል፣ የተሸነፈው ማስቲካ ይገዛል። እኛም የጉለሌ ልጆች ነንና በዚህ ጨዋታ ብዙ ማስቲካ በልተናል፣ ብዙም ገዝተናል።

ማንም የማይይዘው አንድ መኪና ግን ነበር። ከስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚመጣው። ጭቃ የለበሰ፣ ጣራው ላይ ጎማና ጀሪካን የተሸከመ፣ ጎኑ ላይ የአፍሪካ ካርታ የተሳለበት፣ መስኮቱ መጋረጃ ያለው ትልቅ መኪና። ፈረንጆች ከፊት ተቀምጠው ይነዳሉ። «ከኋላ አልጋ አለው፣ ምድጃም አለው» ይሉን ነበር ትልልቆቹ ልጆች። አናምንም ነበር። አንድ ቀን ግን በመጋረጃው መሀል ውሻ አንገቱን አውጥቶ፣ ጆሮው በነፋስ እየተርገበገበ፣ ቁልቁል እያየን አለፈ። ሁላችንም ቆጠራውን ረሳን።

«እንዴ! ውሻውም ሽርሽር ይሄዳል?» አለ አንዱ ጓደኛችን።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጽሑፋችን ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ የዘገየ መልስ ነው። አዎ፣ ውሻውም ሽርሽር ይሄዳል። የማንሄደው እኛ ነን።

ስሙን ብቻ ነው ያለን

ነገሩን በስሙ እንጀምር። እኛ አገር «የቤት መኪና» ሲባል ቤት የሚያድር መኪና ማለት ነው። እነሱ ዘንድ ደግሞ ራሱ መኪናው ቤት ነው፤ ሰው እሱ ውስጥ ያድራል። ያን ጊዜ በሰፈራችን የሚያልፉት መንገደኞች አብዛኞቹ ከካይሮ ወይም ከአውሮፓ ተነስተው፣ ሱዳንን አቋርጠው፣ በመተማ ገብተው፣ በጎንደርና በባሕር ዳር አድርገው፣ አባይ በረሃን ወርደውና ወጥተው የመጡ ነበሩ። ከአዲስ አበባ በኋላ በሞያሌ ወደ ኬንያ፣ ከዚያም እስከ ኬፕታውን ይቀጥላሉ። የአፍሪካን ግማሽ የሚያቋርጠው ያ መንገድ ወደ ዋና ከተማችን የሚገባው በእኛ ሰፈር በኩል ነው። እኛ ግን በመንገዱ ዳር ሆነን መኪና ስንቆጥር አደግን።

አድገን ጋዜጠኝነት ተማርን። «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት» የሚሉትን ጥያቄዎች አጠናን። ተመረቅን። ሥራ ፈለግን። (የሥራ ፍለጋውን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አራት ሆነን ማኪያቶ እየጠጣን ሳለ ከመሀላችን አንዷ ስልኳን አወጣችና የአክስቷን ፎቶ አሳየችን።

አክስት ቨርጂኒያ ናት። ጉለሌ ሳለች ውሻ ስታይ ድንጋይ የምታነሳ ሴት ነበረች፤ አሁን ውሻዋን ጃኬት አልብሳ ተራራ ላይ ትወስዳለች። ፎቶው የተነሳው ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቀው በሼናንዶ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በተራራው ጀርባ ላይ «ስካይላይን ድራይቭ» የሚባል 169 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሄዳል። ከሰዓት 56 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት ክልክል ነው። ለምን ቢሉ፣ መንገዱ የተሠራው ለመድረስ ሳይሆን ለማየት ነው። በዚያ 169 ኪሎ ሜትር ላይ መኪና አቁሞ ሸለቆውን ለማየት ብቻ የተሠሩ 75 ያህል ማቆሚያዎች አሉት። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ ሰው ቤቱን በመኪና ጭኖ፣ ልጁንና ውሻውን ይዞ ይጎርፋል።

«እኛስ?» አልን። ካርታ አወጣን። ከጉለሌ ተነስቶ በጎጃም መንገድ እስከ ጎሃ ጽዮን፣ ማለትም እስከ አባይ በረሃ አፋፍ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአክስታችን መንገድ ጋር እኩል ለማለት ይቻላል። ውበቱ ደግሞ ይወዳደራል? እስቲ አብረን እንቁጠር።

ሱሉልታ ላይ መስከረም ሲጠባ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል። ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። ከዚያ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት፣ በግንቦት 1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር መነኮሳቱን የፈጀበት ደብረ ሊባኖስ ገዳም አለ። ገደሉ አፋፍ ላይ በኢትዮጵያ ተራሮች እንጂ በሌላ በየትም ዓለም የማይገኘው ጭላዳ ሣር ይነጫል። ፍቼን፣ ገርበ ጉራቻን፣ ቱሉ ሚልኪን አልፎ ጎሃ ጽዮን። ከዚያ መሬቱ ድንገት ያልቃል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ያንኑ ያህል ይወጣል፤ ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ነው። አፋፉ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ታች በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው 303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይ ይቀበላችኋል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ይዘን የሰው ፎቶ እናያለን? «እንሄዳለን» አልን። ተማማልን።

ዝግጅት

መኪና ተገኘ። የአንዷ ጓደኛችን አጎት ያረጀ ዶልፊን አላቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ታክሲ ነው፣ እሑድ ያርፋል። ከኋላ ያሉትን ወንበሮች ብንፈታ ሁለት ፍራሽ ይዘረጋል። ቡታጋዝ፣ ጀበና፣ ጀሪካን ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ ዳቦ፣ በሶ… ዝርዝሩን ጻፍን። ከውጭ ማስመጣትማ አይታሰብም፤ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ አግዷል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው ደግሞ አባይ በረሃ ውስጥ ባትሪው ቢያልቅ ማን ጋ ይሰካል?

አራተኛዋ ተጓዥ ቡቺ ናት። (አዎ፣ ስሟ ቡቺ ነው። የኢትዮጵያ ውሻ ግማሹ ቡቺ አይደል?) ቀጨኔ አካባቢ ቦይ ውስጥ ቡችላ ሆና የተገኘች፣ ዘሯ የማይታወቅ፣ ቢጫ ያገር ውሻ። መኪና ትወዳለች። ቁጭ ብላ በመስኮት ታያለች።

ከዚያ ለቤተሰብ መንገር መጣ። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ።

«መኪና ውስጥ ልታድሩ? ሴት ልጆች? ከውሻ ጋር?» አሉ እናት። ሦስቱም ጥያቄ አንድ ላይ ነው የመጣው፤ የትኛውን መጀመሪያ እንደምንመልስ ቸገረን።

አጎት ግን ዝም ብለው ሰሙን። ቁልፉን እጃቸው ላይ እያገላበጡ፣ «ዶልፊኑን አልሰስትባችሁም፤ መስጠቱን እሰጣችኋለሁ» አሉ። «እናንተን ግን ለማን አደራ ብዬ ነው የምልካችሁ?»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ…»

«ጎሃ ጽዮን አትደርሱም። ሱሉልታን እዩና ተመለሱ።»

ተቆጣን። ለትውልድ ልዩነት ሰጠነው። በኋላ ግን ቁጭ ብለን ስናስበው ያስቆሙን ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ ከሦስቱ ሁለቱን ማስተካከል በእጃችን ነው። ሦስተኛው ነው የከበደው። በየተራ እንያቸው።

አንደኛ፦ ስለ ቡቺ

ጉለሌ ውስጥ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። ከጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ። ስሙ የመጣው ድሮ እዚያ ከነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ሉዊ ፓስተር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1885 ውሻ ለነከሰው ልጅ የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት የሰጠው ፈረንሳዊ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ውሻ ሲነክሰው ለብዙ ዘመን የሚሮጠው ወደዚህ ሰፈር ነበር። ያን ጊዜ የተከተቡ ትልልቅ ሰዎች ሆዳቸውን እያሳዩ «አሥራ አራት ቀን፣ አሥራ አራት መርፌ» ብለው ይነግሩናል። እኛ አገር የውሻ ፍርሃት ከንቀት ብቻ የመጣ አይደለም። የሚገድል ነገር ስላለበት ነው።

ዛሬም ይገድላል። በኢትዮጵያ በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ ከ2000 በላይ ሰው እንደሚሞት ጥናቶች ይገምታሉ፤ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ግን ከመታየቱ በፊት መከላከል ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ውሻ ያለው ሰው ደግሞ ውሻውን በየዓመቱ ያስከትብ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70 የሚሆኑት ከተከተቡ በሽታው ይቆማል። ይህ የጠፈር ሳይንስ አይደለም።

ቡቺን አስከተብናት። ወረቀቷን ይዘናል። ስንጠይቅ ግን ሌላም ነገር ተማርን፤ ይህንን ለተራራ ተጓዥ ሁሉ መናገር እንፈልጋለን። ወደ ሰሜን ተራሮች ወይም ወደ ባሌ የምትሄዱ ከሆነ ውሻችሁን ቤት ተዉት! ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በእኛ አገር ተራሮች ብቻ ነው፤ በዓለም ላይ የቀረው አዋቂ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛውን ያህል ፈጅቷል። አሜሪካኖቹም በአብዛኞቹ ብሔራዊ ፓርኮቻቸው ውሻን ከእግር መንገድ ያግዳሉ፤ የአክስታችን ሼናንዶ ከሚፈቅዱት ጥቂቶች አንዱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የቡቺ ድንበር አባይ በረሃ ነው። ደባርቅ አትገባም። ይህንን በደስታ እንቀበላለን። ሕግ እንዲህ ምክንያት ሲኖረው መታዘዝ ደስ ይላል።

ሁለተኛ፦ ስለ መቆም

አክስታችን 169 ኪሎ ሜትር ላይ 75 ቦታ ትቆማለች ብለናል። እኛስ ከጉለሌ እስከ ጎሃ ጽዮን የት እንቆማለን? አውቶቡስ ላይ የተሳፈርንበትን ጊዜ ሁሉ አስታወስን። ለማየት ተብሎ የተሠራ፣ አጥር ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው፣ አንዲት ሴት ቡና የምትሸጥበት የገደል አፋፍ ማቆሚያ ትዝ ያለው ከመሀላችን የለም። ትዝ ያለን ረዳቱ «ሽንት!» ብሎ ሲጮህ ወንዱ ወደ ግራ፣ ሴቱ ወደ ቀኝ ሲበተን ነው። ሴቱ ደግሞ ዛፍ ፍለጋ። የምናውቀው መንገድ የመቆም መንገድ አይደለም፤ የማለፍ መንገድ ነው።

እዚያው ሰፈራችን ግን መቆም እንደሚቻል አይተናል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ማብቂያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ሰውን ወደ ተራራው መልሶታል። የጉለሌ የእፅዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ላይ አገር በቀል ዛፍ እያበዛ ነው። አያቶቻችን ጫካውን የሚያውቁት ባሕር ዛፍ ተሸክመው በሚወርዱ ሴቶች ጀርባ ነበር፤ ዛሬም እነዚያ ሴቶች አሉ፣ ዛሬም ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ተራራውን ለማየት የሚወጣና ተራራውን ተሸክሞ የሚወርድ ሰው በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ። ማቆሚያ ይሠራ ስንል ለባለ መኪናው ብቻ አይደለም። አንድ ማቆሚያ ለአንዲት ቡና ሻጭ፣ ለአንድ ቆሎ ሻጭ፣ ለአንድ መኪና ጠባቂ እንጀራ ነው። ሸክም ለያዘችው ሴት ደግሞ ቁጭ የምትልበት ድንጋይ ነው።

ይህ ሚሊዮኖች አይጠይቅም። የተደለደለ ቦታ፣ የድንጋይ አጥር፣ ንጹሕ ሽንት ቤት። ወረዳዎቹ ይችሉታል።

ሦስተኛ፦ ስለ ፍርሃት

እንግዲህ ወደ አጎት ጥያቄ ደረስን። «ለማን አደራ ብዬ?»

ሽርሽር ስንል ቅንጦት ያወራን የሚመስላቸው ይኖራሉ። መኪና ውስጥ ማደር ግን ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ድሮ የንጉሥ ጦር ድንኳን ተክሎ የሚሰፍርበት ማለት ነበር። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ከብዙ ከተማ ወደ ብዙ ከተማ ከተዘዋወሩ በኋላ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ሥር ፍል ውሃ ጋ ያዩት ቦታም አዲስ አበባ ሆነ። የማገዶ እንጨት ሲያልቅ ይህም ከተማ ወደ አዲስ ዓለም ሊሄድ ነበር፤ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ያስቀረው። ማለትም የምንኖርባት አዲስ አበባ መሄድ ያቆመች ሰፈር ናት። ከዚያ በፊትም በኋላም ሲራራ ነጋዴው በቅሎውን ጭኖ በዚሁ በጎጃም መንገድ እያደረ ተጉዟል። ዛሬ ደግሞ የተሳቢ ሹፌሩ አለ፤ ጋቢናው አልጋው፣ ቡታጋዙ ወጥ ቤቱ፣ ረዳቱ ቤተሰቡ። እውነተኛው የኢትዮጵያ የቤት መኪና የእሱ ነው። ማንም ግን ፎቶ አያነሳውም።

ይህ መንገድ ነው የተዘጋው። ተዘጋ ስንል በድንጋይ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ሰላም ተፈረመ ብለን ሳንጨርስ፣ በሚያዝያ ሱዳን ተቃጠለች፤ ከካይሮ የሚመጣው መኪና ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ አማራ ክልል ውስጥ በተነሳው ግጭት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከዚህ በኩል ደግሞ የሰሜን ሸዋ መንገድ በእገታ ስሙ ተነሳ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰባቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎችን የጫኑ አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አቅራቢያ ተይዘው ከ100 በላይ ተሳፋሪዎች እንደታገቱ ተዘገበ።

እስቲ ቆም ብለን እናስበው። ደባርቅ የሰሜን ተራሮች መግቢያ ናት። እነዚያ ልጆች የእኛ እኩዮች ናቸው። እኛ በካርታ ላይ ጣታችንን ያስኬድንበትን መንገድ እነሱ በአውቶቡስ ከላይ ወደ ታች ወርደውታል። ከተራራው ተነስተው፣ በረሃውን አቋርጠው፣ አዲስ አበባ ልትታይ ጥቂት ሰዓት ሲቀራቸው…። ወላጆቻቸውም «ለማን አደራ ብዬ» ብለው ነበር።

በአማርኛ ፈራጅና ጠያቂ አጥቶ የፈሰሰ ደም «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል፤ የውሻ ደም ሆኖ ቀረ ማለት ነው። የሰው ደም ደመ ከልብ በሆነበት መንገድ ላይ ስለ ውሻ ሽርሽር መጻፍ አሳፍሮን ነበር። ከመሀላችን አንዷ «ይህንን ጽሑፍ እንተወው፣ ሰው ይስቅብናል» ብላለች። ከተከራከርን በኋላ ግን እንዲወጣ ተስማማን። ለምን? መንገዱ ሰላም መሆኑን በምን እናውቃለን? መግለጫ ሲወጣ ነው? ታጅቦ የሚሄድ አውቶቡስ ሲደርስ ነው? እኛ የምናምንበት መለኪያ ሌላ ነው። ሦስት ሴት ልጆች አንድ ውሻ ይዘው፣ ያለ አጃቢ፣ ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ መኪና አቁመው አድረው፣ ጠዋት ቡና አፍልተው መመለስ ሲችሉ ያን ጊዜ ሰላም ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተኩስ ማቆም ቢሆን ነው።

የደረስንበት

ለማንኛውም፣ የአጎትን ምክር ሰማን። አንድ የመስከረም እሑድ በዶልፊኑ ተነሳን። ፍራሹን ዘረጋን፣ አላደርንበትም እንጂ። ቡቺ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አዲሱ ገበያ ጋ ልጆች አዩዋትና «ውሻ! ውሻ ተሳፍሯል!» እያሉ ሮጡ። እኛን ነበር የሚቆጥሩት።

ዳገቱን ወጣን። ፍተሻ ላይ ፈታሹ በሩን ከፍቶ አየ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ውሻ።»

«ለምን?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም። «ለሽርሽር» አልን። ትንሽ አሰበና ሳቀ። የክትባት ወረቀቷን አሳየነው፤ ከእኛ መታወቂያ ይልቅ የእሷን ረዘም አድርጎ አነበበ።

አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ የተካተተችው ሱሉልታ ዳር አንድ ተሳቢ ቆሞ አገኘን። ሹፌሩ ጎማ ጥላ ሥር ቡታጋዝ ለኩሰው ሽሮ እያንተከተኩ ነበር። ሽበት የጣለባቸው ሰው ናቸው። ሰላም አልናቸው፣ «ኑ ብሉ» አሉን። ዳቦአችንን አወጣንና አብረን በላን። ለቡቺም ከዳቦው ቆርሰው ሰጧት።

«ጋሼ፣ አባይ በረሃ እንዴት ነው አሁን?» ብለን ጠየቅናቸው።

«በረሃው ምን ይሆናል ልጆቼ፤ በረሃው እንዳለ ነው» አሉ። «ድሮ ጎሃ ጽዮን አድረን ሌሊት ነበር የምንወርደው፣ ሞተሩ እንዳይግል። ከታች ድልድዩ ጋ ሲነጋ ታያላችሁ… እሱን ማየት ነበረባችሁ። አሁን ፀሐይ ሳይወጣ የሚነቃነቅ የለም። ሲወጣም ተሰባስበን ነው። ድሮ እቆም ነበር፣ አየር እወስድ ነበር። አሁን የሚቆም ሰው የለም። መቆም ነው የሚያስፈራው።»

መቆም ነው የሚያስፈራው። ስለ መንገድ ማቆሚያ ስንት ነገር ጽፈን ነበር፤ እሳቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። ሲሰናበቱን «ስሄድ አደራ አድርሼ እመጣለሁ በሉኝ» አሉ። አልናቸው።

በመመለሻችን ዳገቱ ጫፍ ላይ አቆምን። ማቆሚያ የለም፤ የመንገዱ ዳር ላይ ነው የቆምነው። በአንድ በኩል አዲስ አበባ ጭስና ቆርቆሮ ሆና ተዘርግታለች። በሌላው በኩል የሱሉልታ ሜዳ በአደይ ቢጫ ነው። ደመና መጣና ካፊያ ጀመረ። ጂኦግራፊ ላይ የተማርነው ትዝ አለን። ይህ የእንጦጦ ጀርባ የውሃ መለያ ነው። በአዲስ አበባ በኩል የወደቀው ዝናብ ወደ አዋሽ ይወርዳል። በሱሉልታ በኩል የወደቀው ደግሞ ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ አባይ ይገባል።

ቡቺ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ ወደ ሰሜን ታይ ነበር። የዝናቡ ውሃ በአስፋልቱ ዳር በዚያው አቅጣጫ ይሄዳል። እሱ ይደርሳል፤ ማንም ቆም አይለውም። እኛ መኪናውን አዙረን ወደ ጉለሌ ወረድን።

ዶልፊኑን ለአጎት አስረከብን። ፍራሾቹን አልመለስንም፤ አጥፈን አስቀምጠናቸዋል። የቡቺ ክትባት በየዓመቱ ይታደሳል። መንገዱ ሲከፈት ዝግጁ ሆነን እንጠብቃለን። እናንተም ውሻችሁን አስከትቡ፣ ወረዳችሁን ማቆሚያ ጠይቁ፤ ሦስተኛውን ደግሞ ጠመንጃ የያዙት ሁሉ፣ በየትኛውም ወገን ያሉት፣ ይስሙን።

ቸር ያገናኘን!